ስልክን የላፕቶፕ ኢንተርኔት ማድረግ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ላሉ አንባቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ



ላፕቶፕ ያለበት ቤት ሁሉ የኢንተርኔት መስመር የለውም። ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለሥራ የሚያመለክት ምሩቅ፣ የተማሪዎችን ውጤት የምትልክ መምህርት፣ የግብር ጉዳዩን በኢንተርኔት የሚጨርስ ነጋዴ፣ የመስጂድ ኮሚቴ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ ሁሉም አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። ቅጹ በስልክ ስክሪን አይሞላም፣ ሰነዱም ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለው በኪሳቸው ባለው ስልክ ነው።

መፍትሔው የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈል ነው። ማገናኘቱ ራሱ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሰውን የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ለወር የተገዛ ጥቅል በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ወይም ማመልከቻው ሊላክ ሲል ሲግናል ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አገናኘቱን ብቻ ሳይሆን ዳታ እንዴት እንደሚቆጠብ፣ ሲግናል እንዴት እንደሚፈለግና እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ስልካችሁ በሲም ካርዱ አማካኝነት ከቴሌኮም ማማው (ታወሩ) ጋር ይገናኛል። ኢንተርኔት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። «ሆትስፖት» ወይም «ቴዘሪንግ» የሚባለውን ስታበሩ ስልኩ የመጣለትን ኢንተርኔት ተቀብሎ ለላፕቶፑ ያስተላልፋል። ላፕቶፑ የራሱ ሲም አያስፈልገውም። የሚጠቀመው ዳታ ሁሉ ግን ከስልካችሁ ጥቅል ወይም ከሒሳባችሁ ይቀነሳል።

ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ለብቻው የሚገዛ ዶንግል ነበረ። በአገራችን ሲዲኤምኤ ወይም ኢቪዲኦ እየተባለ በላፕቶፕ ጎን ይሰካ የነበረውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስማርት ስልክም ያንን ሥራ ይሠራል። የ4ጂ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከድሬዳዋ ተነስቶ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ በቤታችሁ የተሻለ የሚይዘውን መርጣችሁ ዳታውን በእሱ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሦስቱ መንገዶች፣ የትኛው ለማን?

ስልክና ላፕቶፕ በሦስት መንገድ ይገናኛሉ።

አንደኛው በዋይፋይ ሆትስፖት ነው። ገመድ አይፈልግም፣ ከአንድ በላይ ላፕቶፕም ያገናኛል። የስልኩን ባትሪ ግን ከሁሉም በላይ ይጨርሳል፤ ስልኩም ይሞቃል።

ሁለተኛው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ስልኩ ከላፕቶፑ ቻርጅ እያደረገ ይሠራል፤ ግንኙነቱም የተረጋጋ ነው፤ ሌላ ሰው ሊገባበት አይችልም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው በአብዛኛው የምንመክረው ይህንን ነው። የሚጎድለው ነገር ቢኖር ስልኩ ከገመዱ ርቀት በላይ መራቅ አለመቻሉ፣ እንዲሁም መብራት በሌለበት ሰዓት ስልኩ የላፕቶፑን ባትሪ መካፈሉ ነው።

ሦስተኛው በብሉቱዝ ነው። ከሦስቱ ቀርፋፋው እሱ ነው። በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ያስተላልፋል፤ ለቪዲዮ አይሆንም። ባትሪ ግን ይቆጥባል። ኢሜይል ለመላክ ወይም ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ ከሆነና ገመድ ከሌላችሁ ይጠቅማል።

በዋይፋይ ለማገናኘት

1. መጀመሪያ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት መኖሩን አረጋግጡ። የስልኩን ዋይፋይ አጥፉና ሞባይል ዳታውን አብሩ፤ ከዚያ አንድ ቀላል ገጽ ክፈቱ። በስልኩ ያልተከፈተ በላፕቶፑም አይከፈትም።

2. ወደ «ሴቲንግ» ግቡ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ከዚያ «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» ይላል። በሳምሰንግ «ኮኔክሽንስ» ከዚያ «ሞባይል ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» ነው። በቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የቃሉ አቀማመጥ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከላይ ባለው መፈለጊያ ሳጥን «ሆትስፖት» ብሎ መፈለግ ይቀላል። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ «መገናኛ ነጥብ» የሚለውን ፈልጉ። በአይፎን «ፐርሰናል ሆትስፖት» ውስጥ ገብታችሁ «አላው አዘርስ ቱ ጆይን» የሚለውን አብሩ።

3. ስምና የይለፍ ቃል ስጡ። ስሙ ላይ የራሳችሁን ሙሉ ስም ወይም ስልክ ቁጥር አታድርጉ፤ በአካባቢው ያለ ሁሉ ያየዋል። የይለፍ ቃሉ ቢያንስ 8 ፊደል ወይም ቁጥር ይሁን። ከ1 እስከ 8 ያሉትን ቁጥሮች በተራ መደርደር ወይም የራስን ስልክ ቁጥር ማድረግ በር ከፍቶ እንደመተው ነው።

4. «ባንድ» የሚል ምርጫ ካለ 2.4 ጊጋሄርዝን ምረጡ። ግድግዳ አልፎ ከ5 ጊጋሄርዝ የተሻለ ይደርሳል፤ ቆየት ያሉ ላፕቶፖችም የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። በአዳዲስ አይፎኖች ይህን የሚሠራው «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ነው።

5. በላፕቶፑ ከታች በስተቀኝ ያለውን የዋይፋይ ምልክት ተጭናችሁ የስልካችሁን ስም ምረጡ፤ የይለፍ ቃሉን አስገቡ። «ኮኔክት አውቶማቲካሊ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ብታነሱት ጥሩ ነው። አለበለዚያ ላፕቶፑ ሆትስፖቱ በበራ ቁጥር ሳታውቁት ይገናኛል።

በዩኤስቢ ገመድ ለማገናኘት

ስልኩን በቻርጅ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ከዚያ በዚያው የሆትስፖት ገጽ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩ። ገመዱ ካልተሰካ ምርጫው ፈዞ ይታያል። ዊንዶውስ 10 እና 11 አብዛኞቹን አንድሮይድ ስልኮች ራሳቸው ስለሚያውቁ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግንኙነቱ ይመጣል። በላፕቶፑ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት ሳይሆን የኬብል ኢንተርኔት ምልክት ነው፤ በዚህ አትደናገጡ።

አይፎንን ከዊንዶውስ ጋር በገመድ ለማገናኘት ላፕቶፑ ላይ የአፕል ፕሮግራም (አይቲዩንስ ወይም አፕል ዲቫይስስ) መጫን አለበት። ስልኩ «ትረስት ዚስ ኮምፒውተር?» ብሎ ሲጠይቅ «ትረስት» በሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ናቸው፤ ውስጣቸው ዳታ የሚያስተላልፍ ሽቦ የለም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ላፕቶፑ ካላወቀው መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ስትገዙም ፋይል ማስተላለፍ መቻሉን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ የሚያካፍለው የሲሙን ዳታ ብቻ አይደለም። ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ያንን ዋይፋይም ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ዋይፋይ የሌለው ዴስክቶፕ ወይም ዋይፋዩ የተበላሸ ላፕቶፕ ያለው ሰው አዲስ ዕቃ ሳይገዛ በዚህ ይጠቀማል።

በብሉቱዝ ለማገናኘት

የስልኩንና የላፕቶፑን ብሉቱዝ አብርታችሁ ሁለቱን አጣምሩ (ፔር አድርጉ)። በስልኩ የሆትስፖት ገጽ «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። በላፕቶፑ የብሉቱዝ ምልክት ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ጆይን ኤ ፐርሰናል ኤሪያ ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ ስልካችሁን መርጣችሁ አገናኙ።

ስልኩ ሲግናሉ ያለበት፣ ላፕቶፑ እናንተ ያላችሁበት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳማ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሜዳ ላይ የማማው ሞገድ ብዙ አይከለከልም። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አንኮበር ስትደርሱ ግን መሬቱ ይለወጣል። ከተማዋ ደጋው አልቆ ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከእሷ በታች ወደ አልዩ አምባና ወደ አርጎባ መንደሮች ሲወረድ ሸንተረርና ሸለቆ ይፈራረቃል። የሞባይል ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጋራ ይጋርደዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ በር ላይ ሙሉ የሚያሳይ ስልክ ጓሮ ሲገባ «ኖ ሰርቪስ» የሚለው ለዚህ ነው።

ቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ደግሞ ይመልሱታል። ስለዚህ በድንጋይ ቤት ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ደካማ ሲግናል ቢያገኝ አይገርምም።

ሆትስፖት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስልኩና እናንተ አንድ ቦታ መሆን የለባችሁም። ስልኩን ሲግናል በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጡና ላፕቶፑን ይዛችሁ ሙቀት ባለው ክፍል ተቀመጡ። በዋይፋይ ከሆነ አንድ ግድግዳ አልፎ እስከ 10 ሜትር ድረስ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በገመድ ከሆነ የዩኤስቢ 2.0 ደረጃ የሚፈቅደው ትልቁ ርዝመት 5 ሜትር ነው፤ ጥራት ያለው የ2 ወይም የ3 ሜትር ገመድ ከጠረጴዛ እስከ መስኮት ይበቃል።

የቱ መስኮት እንደሚሻል በግምት ከመወሰን በቁጥር ማየት ይቻላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች «ሴቲንግ»፣ «አባውት ፎን»፣ «ሲም ስታተስ» ውስጥ «ሲግናል ስትሬንግዝ» የሚል አለ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል። በ4ጂ ከ90 በታች የቀነሰ ማለትም -85 የሚል ጥሩ ነው፤ -115 የሚል ደካማ ነው። በእያንዳንዱ መስኮት ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ቁጥሩን ጻፉና የተሻለውን ምረጡ። ይህ ዳታ አይወስድም፤ የፍጥነት መለኪያ ገጾች ግን አንድ ጊዜ ሲለኩ ብዙ ሜጋባይት ሊወስዱ ይችላሉ።

ስልኩ በ4ጂና በ3ጂ መካከል እየተመላለሰ የሚያቋርጥ ከሆነ «ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ» ውስጥ ገብታችሁ ለጊዜው 3ጂ ላይ አቁሙት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግን የማይቆራረጥ 3ጂ ቅጽ ለመላክ ከሚቆራረጥ 4ጂ ይሻላል።

ከማገናኘታችሁ በፊት ላፕቶፑን ዝም አሰኙት

ስልክ ዳታ በገንዘብ እንደሚገዛ ያውቃል፤ ላፕቶፕ አያውቅም። ዋይፋይ ሲያገኝ ገደብ የሌለው መስመር ያገኘ መስሎት ያጠራቀመውን ሁሉ ማውረድ ይጀምራል። እናንተ አንድ ኢሜይል ስትጽፉ እሱ ከጀርባ ጊጋባይት ይጎትታል። ጥቅል «በላኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የሚከተሉትን አንድ ጊዜ ብቻ አስተካክሉ።

ዊንዶውስ፦ ከስልኩ ጋር እንደተገናኛችሁ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ» ግቡ። የስልካችሁን ስም ተጭናችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ይህ ለላፕቶፑ «ይህ መስመር በቁጥር ነው» ብሎ እንደመንገር ነው፤ አብዛኛውን የዊንዶውስ አፕዴት ያቆማል። በዩኤስቢ ስትገናኙ ላፕቶፑ እንደ ሌላ መስመር ስለሚያየው በ«ኢተርኔት» ሥር ገብታችሁ በድጋሚ ማብራት አለባችሁ። ብዙ ሰው በዋይፋይ አስተካክሎ በገመድ ጊዜ የሚበላው ይህን ስለሚዘነጋ ነው።

ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን፦ በ«ዊንዶውስ አፕዴት» የ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ይገኛል። ላፕቶፑ ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል የሚያደርግ ነው። አጥፉት።

ቴሌግራም፦ በላፕቶፕ ላይ ያለው ቴሌግራም በየግሩፑና በየቻናሉ የሚለቀቀውን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ ያወርዳል። «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ውስጥ ገብታችሁ በግል፣ በግሩፕና በቻናል ያለውን አጥፉ።

ዋንድራይቭና ጉግል ድራይቭ፦ ፋይሎቻችሁን ወደ ኢንተርኔት እየሰቀሉ የሚያስቀምጡ ናቸው። ሥራችሁን እስክትጨርሱ «ፖዝ» አድርጓቸው።

ብራውዘር፦ ትናንት ከፍታችሁ የተዋችኋቸውን ገጾች ዝጉ። ቪዲዮ ያለበት ገጽ ሳትነኩት መጫወት ሊጀምር ይችላል።

ማክ ለሚጠቀሙ፦ በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚለውን አብሩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። አፕዴት ለላፕቶፕ ደኅንነት ያስፈልጋል፤ ለዘለዓለም ማቆም ልክ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ በግቢው ዋይፋይ፣ ካልሆናችሁም መስመር ካለው ወዳጅ ዘንድ ፈቃድ ጠይቃችሁ በወር አንድ ጊዜ አፕዴት አድርጉ።

ስንት ዳታ ይበቃል?

በመጀመሪያ አንድ መደናገሪያ እንፍታ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ጥቅል የሚሸጠው ግን በሜጋባይትና በጊጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚሄድ መስመር በሰከንድ 1 ሜጋባይት ይወስዳል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ያለማቋረጥ ቢወርድ 1 ጊጋባይት በ17 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

በግምት የሚወስዱት መጠን እንዲህ ነው፦

- ጽሑፍ ብቻ ያለው ኢሜይል፦ ከ1 ሜጋባይት በታች
- በስልክ የተነሳ አንድ የሰነድ ፎቶ፦ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት
- አንድ የዜና ገጽ መክፈት፦ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት
- የድምፅ ብቻ ስብሰባ፦ በሰዓት ከ100 ሜጋባይት በታች
- በ480 ጥራት ቪዲዮ ማየት፦ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ
- የቪዲዮ ስብሰባ፦ እንደ ጥራቱና እንደ ተሳታፊው ብዛት በሰዓት ከግማሽ እስከ 2 ጊጋባይት
- አንድ ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት፦ ከ3 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል

እስቲ እናስላ። አንዲት ምሩቅ የሥራ ማመልከቻ ልትልክ ነው እንበል። ገጹን ከፍቶ መመዝገብ 20 ሜጋባይት፣ አምስት የተነሱ ሰነዶች መስቀል 20 ሜጋባይት፣ ኢሜይል ማየት 10 ሜጋባይት፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ማንበብ 50 ሜጋባይት ቢወስድ በድምሩ 100 ሜጋባይት ነው። ላፕቶፑ ዝም ካለ 1 ጊጋባይት ለአሥር እንዲህ ያለ ቀን ይበቃል። ላፕቶፑ ዝም ካላለ ግን ያው 1 ጊጋባይት ማመልከቻውን ሞልታ ሳትጨርስ ሊያልቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከላይ ያልነው ማስተካከያ ነው።

በኢትዮ ቴሌኮም ጥቅል ለመግዛት *999#፣ ቀሪውን ለማየት *804# ይደወላል፤ በቴሌብርም መግዛት ይቻላል። በሳፋሪኮም *777# ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚሸጡ የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅሎች ለላፕቶፕ ሥራ አይሆኑም፤ መደበኛውን የኢንተርኔት ጥቅል ግዙ። ሁለተኛ፣ የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፤ ግን የሚሠራበትን ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ትልቅ ፋይል ማውረድ ካለባችሁ በሌሊቱ ጥቅል ማድረግ ያዋጣል።

ስልኩ ላይም ገደብ አስቀምጡ። በአንድሮይድ «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ «ሴት ዳታ ሊሚት» አለ። ያስቀመጣችሁት መጠን ላይ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋል። በአንዳንድ ስልኮች በሆትስፖቱ ገጽ ላይ ለሆትስፖት ብቻ የሚሆን ገደብም ይገኛል።

ባትሪ፣ መብራትና የደብረ ብርሃን ብርድ

የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ የሊቲየም ባትሪ ነው። በብርድ ጊዜ የመስጠት አቅሙ ይቀንሳል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር መስኮት ላይ ያደረ ስልክ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ቢጠፋ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስልኩን በመስኮቱ የውስጥ በኩል አድርጉት፤ ከታቹ ጨርቅ አንጥፉለት። ከቀዝቃዛ ቦታ አምጥታችሁ እሳት አጠገብ አታስቀምጡት፤ የሊቲየም ባትሪን ሙቀት ከብርድ ይበልጥ ይጎዳዋል። ሆትስፖት ሲበራ ስልኩ ራሱ ስለሚሞቅ በቆላው ላሉ አንባቢዎች ምክሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፀሐይ አርቁት።

መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሁለቱንም ሞልቶ ማስቀመጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ የላፕቶፑ ባትሪ ከበዛ ገመድ ተጠቀሙ፤ ስልኩን ይመግበዋል። የስልኩ ባትሪ ከበዛና የላፕቶፑ ካነሰ ግን ገመዱን ነቅላችሁ በዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ አገናኙ። ፓወር ባንክ ካላችሁ ስልኩ ላይ ሰክታችሁ በዋይፋይ መሥራት ከሁሉም ይሻላል።

ደኅንነትና አማና

ሲም ካርዱ የተመዘገበው በእናንተ ስም ነው። በሆትስፖታችሁ የገባ ሰው የሚሠራው ሁሉ ከውጭ ሲታይ በእናንተ መስመር የተሠራ ነው። ስለዚህ፦

የይለፍ ቃል የሌለው ሆትስፖት አትክፈቱ። ከምርጫዎቹ «ደብሊውፒኤ2» ያለውን ምረጡ፤ ላፕቶፑ አዲስ ከሆነ «ደብሊውፒኤ3» ይሻላል።

ለጎረቤት ወይም ለጓደኛ ካካፈላችሁ ሥራው ሲያልቅ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። በሆትስፖቱ ገጽ የተገናኙትን ዕቃዎች ቁጥር እያያችሁ ተቆጣጠሩ። ተካፋዩም በበኩሉ ሰው ለአንድ ደብዳቤ በሰጠው ዳታ ፊልም አያውርድ፤ የተሰጠው በአማና ነውና።

ሥራ ስትጨርሱ ሆትስፖቱን አጥፉ። ብዙ ስልኮች የተገናኘ ከሌለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ያጠፋሉ፤ ላፕቶፑ ተከፍቶ ከቀረ ግን አያጠፉም።

እምቢ ሲል

ሆትስፖቱ አልበራ ካለ፦ «ዳታ ሴቨር» በርቶ እንደሆነ እዩ። በአንድሮይድ እሱ ሲበራ ሆትስፖት ይዘጋል።

ላፕቶፑ የስልኩን ስም ካላየ፦ ባንዱን ወደ 2.4 ጊጋሄርዝ ቀይሩ። አይፎን ከሆነ የ«ፐርሰናል ሆትስፖት» ገጹን ከፍታችሁ ጠብቁ።

የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ካለ፦ ላፕቶፑ የድሮውን ይዞ ይሆናል። ስሙ ላይ «ፎርጌት» ብላችሁ እንደገና አስገቡ። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ደኅንነቱን ከደብሊውፒኤ3 ወደ ደብሊውፒኤ2 መልሱ።

ተገናኝቶ «ኖ ኢንተርኔት» ካለ፦ በስልኩ ራሱ አንድ ገጽ ክፈቱ። ስልኩም ካልከፈተ ጥቅሉ አልቋል ወይም ዳታው ጠፍቷል። ስልኩ ከፍቶ ላፕቶፑ ካልከፈተ ስልኩን ለግማሽ ደቂቃ «ኤርፕሌን ሞድ» አድርጋችሁ መልሱት፤ ላፕቶፑንም ሪስታርት አድርጉ።

ገጾች «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ብለው አልከፍት ካሉ፦ የላፕቶፑን ቀንና ሰዓት እዩ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ የቆየ ላፕቶፕ ቀኑ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብራውዘሩ ገጾችን አያምንም።

ስልኩ በጭራሽ ዳታ ካልያዘ፦ ኢትዮ ቴሌኮምን በ994 ደውላችሁ የኢንተርኔት ሴቲንግ እንዲላክላችሁ ጠይቁ።

የሞባይል ዳታ ጭራሽ ሲቋረጥ

ይህን ርዕስ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ከላይ የጻፍነው ማንኛውም ማስተካከያ አይሠራም፤ ስልኩ የሚያካፍለው ነገር የለውምና። በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ግን ሌላ መንገድ ስለሆነ የሞባይሉ ሲቋረጥ እሱ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በከተማችሁ በመስመር የሚሠራ ዋይፋይ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከዚህም በላይ የሚጠቅመው ሥራን ያለ ኢንተርኔት መጨረስ ነው። የማመልከቻውን ጥያቄዎች ገልብጡና መልሱን ላፕቶፑ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሰነዶቹን አንስታችሁ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፤ በፍላሽም ቅጂ ያዙ። እንዲህ ያደረገ ሰው ኢንተርኔት ለአሥር ደቂቃ ቢመጣ እንኳ ይልካል። ካልመጣም ፍላሹን ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ የሚሄድ የሚያምነው ሰው ይልክለታል። የይለፍ ቃል ግን በሰው እጅ ከሰጣችሁ በኋላ ወዲያው መቀየርን አትርሱ።

ቀነ ገደብ ላለባችሁ፣ ቅደም ተከተሉ

የመጨረሻው ቀን ነገ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ዛሬ ማታ ሁሉንም ጽፋችሁ ሰነዱን አዘጋጁ፤ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጉ። ጠዋት በማለዳ፣ ተጠቃሚ ሳይበዛና ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ተነሱ። ቀሪ ዳታችሁን በ*804# እዩ። ስልኩን በጥሩው መስኮት አስቀምጡ፤ በገመድ አገናኙ፤ «ሚተርድ» መብራቱን አረጋግጡ። ሌላ ገጽ ሳትከፍቱ ማመልከቻውን ላኩ። መድረሱን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንሱ ወይም በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ከዚያ ሆትስፖቱን አጥፉና የቀረውን ዳታ እንደገና እዩ። ምን ያህል እንደወሰደ ካወቃችሁ ለሚቀጥለው ጊዜ ስንት መግዛት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።